ኦኮ

ፎላሪን ይባላል፣ ሽምብጥ ነው የሚኖር፣
ከጓሮዬ ክፍል፣ ከዘይቱን ዛፉ ሥር።
ፖሊ ያስተምራል ስለ ብረት መቅለጥ፤
ሲመሽ ግን በረንዳ ከኔ ጋር ሲቀመጥ፣
አንድ ቃል ያመጣል፣ ሦስቴ ሊያገላብጥ።

“ኦኮ ሽቅብ ሲወጣ ዶማ ነው፣ መቆፈሪያ፤
ኦኮ በሜዳ ሲሄድ ባል ነው፣ የትዳር ጓድ፤
ኦኮ ቁልቁል ሲወርድ ጀልባ ነው፣ መሻገሪያ።
ልጆቼ ሲጽፉት በስልካቸው ገጽ ላይ
ምልክቱ ይቀራል፣ ባል ከዶማ ሳይለይ።”

ሳቅሁኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ እኔ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተለየኝም ጠመኔ።

“ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ርቦኝ፣
በእናቴ ቋንቋ ‘ራበኝ’ ስል ሰሙኝ።
በሲባጎ ጣውላ ካንገቴ ላይ አሰሩ፤
እያየ ሳቀብኝ ልጁ ከነመምህሩ።
ዛሬም ሲርበኝ
ቀድሞ የሚመጣልኝ የእንግሊዙ ቃል ነው።”

ልጁ ሲሚሶላ ማታ ትደውላለች፤
በዮሩባ ሲጠራት በእንግሊዝ ትመልሳለች።
“በአያቶቼ ደንብ ተንበርክካ ነበር፤
አሁን ‘ሃይ ዳዲ’ ናት፣ ጉልበቷም አይሰበር።”
ይስቃል ይህን ሲል። ሳቁ መሐል ላይ ያልቅና
ባለቤቱ እንደተወው ታንኳ ብቻውን ይዋልላል።

“እኛስ ፊደል አለን፣ ማንም ያልነካው” አልኩት፤
ወንበሬን ደገፍ ብዬ ከንፈር መጠጥኩለት።
ያን ጊዜ ናሁሠናይ፣ የመጨረሻ ልጄ፣
“ዳድ፣ ቻርጀሩን፣ ፕሊስ” አለ ከደጄ።
“ኦኬ” አልኩት። አፌ ነው። አልሰማሁም ራሴን።
ፎላሪን ግን ሰማ፤ ዝቅ አደረገ ዓይኑን።

ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ፣ ጀልባ ላሳየው ብዬ፣
ያ ቁልቁል የሚወርድ ቃል ሳይወጣ ከጆሮዬ።
ሎጅ፣ ላውንጅ፣ ሪዞርት የሚሉ ታፔላዎች አለፍን፣
ሁሉም በኛው ፊደል፣
ማንም ባልነካው።

እንድሪስ ታንኳ ያስራል፣ ልጡን በጥርሱ ነክሶ፣
ጉልበቱን ነዶው ላይ ተጭኖ፣ ጭቃ ለብሶ።
እኩያዬ ነው። ነገደ ወይጦ።
ፎላሪን ጠየቀ፣ እኔ አስተላለፍኩለት፦
“በወይጦዎች ቋንቋ ምን ትሉት ነበር?” አልኩት፣
“ይኼን ሣር፣ ይኼን ጀልባ?”

ልጡን ከጥርሱ አወጣ።
“ደንገል። ታንኳ።”
“እሱማ አማርኛ ነው።”
“ታዲያ ሌላ አፍ ከየት ላምጣ?
አያቴም ያሳደጉኝ በዚሁ ነው፣ በናንተው።
የሳቸው አያት ጥቂት ያውቁ ነበር ይባላል፣
መረብ ሲጥሉ የሚሉት፤
መረቡ ቀረልን።”
“ከለከሏችሁ?”
“ማን ይከለክላል? ገበያ ላይ ሳቁብን።
በቃ።”

ጣና ዝም ብሎ ድንጋዩን ይልሳል።
ለፎላሪን በእንግሊዝኛ ሁሉን ተረጎምኩለት፣
ሣሩን፣ መረቡን፣ ገበያውን፣ ሳቁን፣
አንዲት ቃል ብቻ አስቀርቼ፦
“በናንተው።”

ፎላሪን ጎንበስ አለ፤ መዳፉን ነዶው ላይ አሳርፎ
“ኦኮ” አለ።
“ኦኮ” አለ እንድሪስ፣ ቁልቁል፣ ልክ እንደሱ፣
ውሃው ላይ አንድ ነገር ለቀቅ እንደሚያደርግ ሰው።

እኔም ሞከርኩ።
ፎላሪን ራሱን ነቀነቀ፦
“ዶማ አልክ፣ ጋሼ።”