እናቶች ይለፉ

የሰሊጡን ሂሳብ ዘግቼ ስወጣ
ከቅዳሜ ገበያ፣ ዝናቡም ተቆጣ።
ባጃጅ ተሳፈርሁኝ፣ ሦስተኛ ሰው ሆኜ፣
በነጠላዬ ስር ቦርሳዬን ሸፍኜ።
ቦርሳው ውስጥ ብር አለ፣ ብድርም አለበት፤
ከብሩ ስር ያለው ነው ማንገቻው የሳሳበት።

ማካሮቭ ትባላለች። ስሟን እኔ አላወጣሁላትም።
ባሌ ማንደፍሮ ሲሞት በስሜ አዞርኋት፤
ሦስት ቀን ተሰለፍሁ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ።
ቁጥሯን ከወረቀቱ ጋር ያመሳከረው ጸሐፊ
«እማማ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀ።
«የመተማን መንገድ በሌሊት ሄደህበት ታውቃለህ?» አልሁት።
ማኅተሙን መታ።
አንድ ቀን እንኳ አልተኮስሁም።
በወር አንዴ ዘይት እቀባታለሁ፣ እንደ ስፌት መኪና።

ሽንታ ድልድይ ስንደርስ፣ ገመዱ ላልቶ ወድቆ፣
ልጁ ቆሟል በዝናብ፣ ጠመንጃ አዘቅዝቆ።
«ወንዶች ውረዱ» አለ።
ሹፌሩ ሰጠኝ ወረደ። ተማሪዎቹም ወረዱ፤
አንደኛው ደብተሩን ሳይቀር ገለጠለት።
እኔን በባትሪ አየኝ፦
ሽበቴን፣ ነጠላዬን፣ የጎማ ጫማዬን።
«እናቶች ይለፉ።»

ይለፉ። መልካም ቃል ነው፣ ያሳደገው ሰው ይመስገን።
በዚህ አክብሮት ስር ግን መትረየስ ያልፋል።
ማንደፍሮ ይል ነበር፦
«ሲያገኙብሽ ብረት ነው፣ ስትነግሪያቸው ወረቀት።»
ደግሞም ይል ነበር፦
«ፈቃዱን አስቀድሚ፣ ብረቱን አስከትዪ፤
ቃልም እንደ ጥይት ተራ አለው።»

ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ እንዲያያቸው።
«ልጄ» አልሁ፣ «ሽጉጥ አለኝ።»

ተራውን ረሳሁት።

«እማማ አንጓች!» አለ ሰጠኝ፣ ባጃጁን የሰደብሁበት ያህል።
ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።
አፈሙዙ ከጭቃው ተነሣ፣ እስከ ጉልበቴ መጣና ቆመ።
«እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ!»
ከእርስዎ ወደ አንቺ፣ በአንድ ትንፋሽ ወረድሁ።

«የት ነው ያለው?»
«ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከብሩ በታች።»
«ፈቃዱስ?»
«ከሽጉጡ በታች።»

እኔ እጄን ብሰድ፣ ብረቱን ልነካ፤
እሱ የሴት ጓዳ በምን እጁ ይንካ?
ቀረን ተፋጠን፣ ፍርሃት ስንለካካ።

ጢሙ ገና ነው። ባትሪው በእጁ ሲንቀጠቀጥ
ብርሃኑ ደረቴ ላይ ይዋኛል።
ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰው ፈርቶኝ አያውቅም።
ለቅጽበት ደስ አለኝ።
ከዚያ አፈርሁ።

«ሳጅን ይመናሹ!» ብሎ ተጣራ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ።
ከዛኒጋባው ስር መጣች፣ እሸት በቆሎዋን እያላመጠች፤
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በሁለት ጣት፣
ከእሳት ድንች እንደሚያወጣ ሰው ሳበቻት።
ካዝናዋን ነቀለች። ወረቀቱን ዘረጋች።
እሷ ቁጥሩን ከብረቱ ስታነብ
እኔ በቃሌ አወጣሁት፣ እንደ ዳዊት።
«ጊዜው አላለፈም?»
«እስከ ጥቅምት አለ።»
«ከጥቅምት በፊት ያድሱ» አለች፣ ወደ በቆሎዋ ዞረች።

ልጁ ግን አልዞረም።
ቦርሳዬን በሁለት እጁ ይዞ፣ ውኃው ከቆቡ እየተንጠባጠበ፣
«አሳልፌዎት ነበር እኮ» አለ፣ «ለምን ነገሩኝ?»
ወደ እርስዎ ተመልሻለሁ።
«ስላሳለፍኸኝ» አልሁት።
ይግባው አይግባው አላውቅም። ገመዱን ረገጠልን።

እስከ አዘዞ ድረስ ሰጠኝ አልተነፈሰም፤
ተማሪዎቹ ወደ ጥግ ተጠግተው
ሰፊ ቦታ ተዉልኝ፣ ለእኔም፣ ለቦርሳዬም።
«ዝርዝር የለኝም» እያለ፣ ስንት ዘመን ሲያጣጣኝ፣
ሃያ ብር ሰጠሁት፤ መልሱ ነበር ዘጠኝ፤
በአምስት ዓመት አንዴ፣ ሰጠኝ መልሴን ሰጠኝ።