በየት ነው የሚተነፍሰው?

እቁቡ ወጣልኝ፣ በአስራ ሰባት ወሩ።
የፌስታሉ ቋጠሮ ሳይፈታ ከዳሩ
ልጆቹ በሬ ላይ ለምክር ሰፈሩ።

ያለኝ አንድ ሦስት ነው፣ በላስቲክ የታሰረ፤
ኮርና ሲሻማ ደርሶ ቀጥ እያለ ያስቸገረ፤
በረኛው ባየር ላይ እንደተንሳፈፈ ስንቴ አደረ!

«አምስቱን ነው!» አለ ረምዚ፣ «ሌላውን ይተዉት፤
ሳሩ አንድ ባንድ ይታያል፣ ጅቡቲ ሄጄ አየሁት፤
ያጥቂውን ላብ ልጠርግ እጄን ዘረጋሁት።»

ኢብሳ ግን ነጋዴ ነው፣ ገና ባስራ ሦስቱ፦
«አቦ ተው! ያንድ አምስት ዋጋ ሁለት አራት ይገዛል፤
ሁለት ቲቪ፣ አራት ልጅ፣ ገቢውም ይበዛል፤
ሳርማ የፍየል ነው፤ ለኛ ጎል ይበጃል።»

ኢክራም ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ከቂርአት ወጥታ፣
«ሌላም አለ» አለች፣ «አረንጓዴ መብራት አብርቶ የሚመጣ፤
በየወሩ እየከፈሉ መቶ ዓይነት ጨዋታ።»

በየወሩ መክፈል! እኔ፣ ሐጂ ለኪራይ ሲመጡ
በጓሮ የምሾልከው፣
ሁለተኛ አከራይ ልጨምር፣ ፊቱን የማላውቀው፣
ባሕር ማዶ ተቀምጦ በሬን የሚያንኳኳው?

«አስቤ እነግራችኋለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።
በማግስቱ አባባን ይዤ ታይዋን ወጣሁ።

አባባ የሽሚንደፈር ሰው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ከጋራዥ።
አሮጌው ሐዲድ ከተኛ ወዲህ እጁ ሥራ ፈታ፤
የበር ማጠፊያ ይፈታል ጠዋት፣ ያጠብቃል ማታ።

ሊባን ሽርጡን ሰብስቦ ሣጥኖቹን ደረደረ፤
አምስቱ ነጭ ነው፣ ትልቅ፣ ትከሻው የተሞሸረ፤
አባባ ሙሽራውን ገልብጦ ሆዱን መረመረ፦
«በየት ነው የሚተነፍሰው? የድሬ ሙቀት ሲደፋ፣
በሚያዝያ፣ በግንቦት፣ መብራት መጥቶ ሲጠፋ?»
ሊባን ሳቀ። «አባቴ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይሠራል።»
«ድምፅ ከሌለው መታመሙ በምን ይነገራል?»

ሌላ ሣጥን ተከፈተ፣ ረከስ ያለው፣ ቀጭኑ፤
አባባ ዞሮ ፈለገ፣ ዲስክ የሚገባው በየት ጎኑ።
«የለውም፣ ዲስክ አይወስድም፤ ሁሉም በኢንተርኔት ነው።»
«አፍ የሌለው እንግዳ! በምን ላጉርሰው?»

እኔም አሰብኩ። ኢብሳ ዲስኩን ለረምዚ የሚያውሰው፣
ረምዚ ለሳቢያን ልጆች፣ እነሱ ለገንደ ቆሬ፣
ተጭሮ፣ በኮልጌት ታሽቶ፣ ዞሮ ሲመጣ ለበሬ፣
ያፍ አልባው ዘር ከነገሠ ማን ማንን ያውቃል በድሬ?

ከጨርቅ ሥር አንድ ያገለገለ አራት ነበር፤
ሁለት ብሎን የጎደለው፣
ሲለኩሱት እንደ አውሮፕላን የሚጮኸ ለመብረር።
አባባ መዳፉን ጫነበት። ዐይኑን ጨፈነ።
«ይሄ ታሟል» አለ። ድምፁ ግን የደስታ ሆነ።

ያኔ ገባኝ። አምስቱ ጥሩ ነው፣ ነቀፋ የለበትም፤
ጥፋቱም እሱ ነው እንግዲህ፦ ቶሎ አይበላሽም፤
ሆዱን የሚከፍትለት ሽማግሌ አይፈልግም።

ልክ ነኝ አልልም።
ረምዚ ሦስት ቀን ቀረ፤ «ሳር ነፈጉን» አለ ለሰው።
«እኔ ሁለት ነበር ያልኩት» ብሎ ነው ኢብሳ የሚወቅሰው።
ሐጂን በፊት በር አስገባሁ፤ የተረፈውን ብር
ቆመው ቆጠሩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐይናቸውን ማመን ቢቸግር።

ዛሬ ማታ፣ የደቻቱ አሸዋ ሲበርድ፣
ረምዚ መጥቶ ተቀመጠ፣ ኩርፊያው ሳይወርድ።
ከዕረፍት በኋላ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ፤
«ሊፈነዳ ነው!» አለ ኢብሳ፣ ወንበሩን እየሰበረ።
አባባ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ፣ መዳፉን ጫነ፤
ከአይሻ ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት ባቡር
ከሩቅ እንደሰማ ሰው፣
«ተዉት» አለ፣ «ዳገት ላይ ነው።»