ካቻቢቴ

ከድሮኔሮ በላይ፣ ሸለቆው ሲጠብ፣
በድንጋይ ጣሪያ ሥር፣ ከማገዶው ቀረብ፣
አንዲት ፊያት ፒክአፕ ቆማለች ጎብጣ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ከደጅ ሳትወጣ።
ጎማዋ ተኝቷል። ከወንበሯ ውስጥ
ወልዶ ከብዶ ይኖራል አይጥ።

ባለቤቷ ኦሬስቴ፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣
ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ፣ ታስሯል አንደበቱ።
ሾርባ ሳቀርብለት «ኤህ» ነው፤ ሳነሣው «ኤህ» ነው፤
የሐኪም ቤቷ ልጅ ሥዕል ብታሳየው፣
ውሻ፣ ፖም፣ ጃንጥላ፣
«ኤህ» እንጂ የለም ሌላ።
እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፦ አጣቢው፣ አጉራሹ፣
ከአልጋ ወደ መስኮት ገፊው፣ መላሹ።
ልጁ ሚሬላ ከቶሪኖ በወር አንዴ መጥታ
«ይቺን ቁራሌው ይውሰዳት» ትላለች ተቆጥታ
(«ቁራሌው» የኔ ትርጉም ነው)።
እሱ ግን በመስኮቱ፣ ከመኪናዋ በቀር፣
ሌላ አያይም ነበር።

እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው።
አባቴ ከአይሱዙ ሥር ተንጋሎ፣
እግሩ ብቻ እየታየ፣ አንድ እጁን ወደ ውጭ ጥሎ፣
«ካቻቢቴ!» ሲል አምስት ዓመቴ ነው፤
ስሜን የጠራ መሰለኝ፤ ባዶ እጄን ሮጥኩ ወዳለው።
«ሕይወቴ» እንደሚባል፣ «ቤቴ» እንደሚባል፣
«ካቻቢቴ»ም የኔዋ ማለት ይመስላል።
ከመኪናው ሥር ሳቀ፣ ሆዱን እስኪያመው፤
ብሎን መፍቻ መሆኑን ነገረኝ።
ስሙ ግን ከዚያ ወዲያ ከኔ አልወረደም።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ከጣሪያው ሲንጠባጠብ፣
ኮፈኑን ከፈትኩት። ኮፈን ነው ከፈን?
«ነፍስ ይማር» ብዬ ልዘጋው ነበር፤
እጄ ግን ሳያማክረኝ ብሎን ይፈታ ጀመር።
ካርቡራተሩን በቤንዚን ዘፈዘፍኩ፣ በሾርባው ድስት
(ለሾርባው ሌላ ድስት ገዛሁ፤ ሚሬላ አታውቅም)።
ላሜራዋን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ፋቅሁ፣
ከዝገቱ ሥር ሰማያዊ ቀለም አገኘሁ፣
ስቱኮ ለቀለቅሁ፣
ጓርኒሲዮን ከካርቶን በመቀስ ቀደድኩ፤
እሱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ።
የሚሰማኝ ሰው የለም ብዬ፣
እንደ አባቴ ለራሴ ባማርኛ ሳጉረመርም፦
«ቺንጊያው ላልቷል። ፍሪሲዮኑ ይዟል።
ሞተሪኖውስ ቢሆን!
ምን ታደርጊዋለሽ? ካንዴላው ጠቁሯል።»

ቀና አለ።
ከንፈሩ፣ በጨለማ በር እንደሚገፋ ሰው፣ ታገለ።
«ካን...» አለ። «ካንዴ...» አለ።
«ካንዴላ።»

ባገሩ ቋንቋ ስንት ወር ለፍቼ፣
ግስ አርብቼ፣ ሰላምታ አጥንቼ፣
አንድ ቃል ያላወጣሁት ሽማግሌ
ባማርኛዬ መሐል የራሱን ቃል ለቀመ።
የኛ ነው ብዬ ያደግሁበት ቃል
ለካ ሰው ቤት ያደረ ዕቃ ኖሯል፤
እነሱ ጥለውት ሄዱ፣ እኛ በዘይት አሽተን ያዝነው፤
አሁን ማን ለማን ነው የሚመልሰው?

ከዚያ ግራ እጁን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ላይ።
«ካቻቪቴ» አለኝ።
በ«ቪ» ነው ያለው፤ አባቴ በ«ቢ» ነበር።
ቢሆንም
«አቤት» አልኩ።

ብሎኑን ሩብ ዙር አዞረ። ደከመው። መፍቻው ወደቀ።

ሰኔ ላይ ተነሣች፦ ሳል፣ ጥቁር ጭስ፣ ደግሞ ሳል።
አይጡ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ማገዶው ተሰዷል።
እስከ አጥሩ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ ታርጋ የላትም።
ስለ ሾርባው ዛሬም «ኤህ» ነው፤ እሱ አልተለወጠም።
ማታ ብርድ ልብሱን ሳለብሰው፣ ስሙን ስጠራ ግን ሰማሁት፦
ኦሬስቴ፣
መጨረሻው ላይ ያቺው «ቴ»፣
እስከ ዛሬ ልብ ሳልላት።