የማዕበል ልምምድ

ባሕሩ ምንም አላለ።
እንደጠገበ በሬ ፀሐይ ላይ ጋደም እንዳለ
ጅራቱን በየተራ ወደ ዳር ይወረውራል።
የሚጮኸው ሳይረኑ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤
ከወደቡ ጣራ ተነሥቶ፣ የዓሣ ገበያውን ተሻግሮ፣
የኢኪኬን ውሾች እንቅልፍ እንደ ሸክላ ሰባብሮ።

ከተማችን ቀጭን ናት፤ ጀርባዋ በረሓ፣
ፊቷ ውሃ።

ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ መቁጠሪያ ይዣለሁ በእጄ፤
የጸሎቱን አይደለም፤ እሱን ትቼዋለሁ ከደጄ፤
ይኼ ብረት ነው፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀጭ ይላል።
"ስም አትጻፊ፣ ቁጥር ብቻ፤" ማዘጋጃ ቤቱ ብሎኛል።

ቀጭ፦ ኤዱቪሂስ መጣች፣ የወፍ ቤቷን አንጠልጥላ፤
ወፏ ከሞተች ዓመት ሆናት፤ ባዶውን፣ በሻሽ ጠቅልላ።
"ልምምድ አይደል?" አለችኝ። አዎን፣ ልምምድ ነው።
የተጫንኩት ለወፏ አይደለም፤ ለሷ ብቻ ነው።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፦ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣
ባንድ ገመድ የተያያዙ፣ ገበያ እንደሚወርዱ ዓሦች፤
አንዷ ጫማዋ ወልቆ "ባሕሩ መቼ ነው የሚመጣው?" አለች፤
እንደማይመጣ ብነግራት፣ ቀጠሮ እንደቀረባት አኮረፈች።

ያስና ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ከነቀለሟ አመጣች፤
"ካለፈ ሃያ ደቂቃ ይቃጠላል" እያለች ሰዓቷን ቆጠረች።
የአጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ መዝገቡን በላስቲክ አስሮ፣
ከኋላው አንድ እንግዳ ሰው፣ ክብረ በዓል መስሎት፣ አምሮ።

ዋልዶና ኦሬስቴስ ደግሞ፣ ባባታቸው ጀልባ ተካሰው
ዘጠኝ ዓመት አንዱ ላንዱ ሰላምታ ነፍገው፣ ጥርስ ነክሰው፣
እናታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ይገፋሉ፤ መሐል ተቀምጣ
"ፍጠኑ እንጂ!" ትላለች፣ የሁለቱም ላብ እስኪወጣ።
እሷ አንድ። እነሱስ? ጣቴ ለአፍታ ዘገየ፤
ይሁን፣ ሁለት ናቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አየ።

ላይ፣ አሸዋው ሜዳ ላይ፣ ሽሽቱ ወደ በዓል ዞረ።
አንዱ የኮክ ጭማቂ ከፈተ፣ አንዱ ወንበር አበደረ፤
የእሳት አደጋው ባንድ ጡሩምባውን ታች ረስቶ
በአፉ ነፋ፤ ሰዉም ጨፈረ፣ የመጣበትን ዘንግቶ።
እዚህ አገር ሰርግ ሲሆን ግማሹ ሰው ይቀራል፣
ቀብር ሲሆን ዝምድና ይቆጠራል፤
ለማይመጣው ውሃ ግን ጠላትም ከጠላቱ ጎን ይቆማል፤
ሁሉም የራሱን ጣራ በጣቱ ይፈልጋል፣
ያላገኘው ካገኘው ጋር "እሱማ የኔ ነው!" ብሎ ይከራከራል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ፦
"ማዕበሉ አሁን ደርሷል።" ሕዝቡ ወደ ባሕሩ ፊቱን አደረገ።
በሬው ተኝቷል።
ታች፣ ከጀልባዎቹ መሐል፣ አንድ ቆብ ግን ይንቀሳቀሳል።

ኖልቤርቶ! ባለፈው ጊዜ ሽሽ ቢሉት ሸሽቶ፣
ሲመለስ ሞተሩን አጣው፤ ማዕበል ሳይሆን ሌባ መጥቶ።
ዘንድሮ ቀለምና ብሩሹን ይዞ ጀልባው ሥር ቀረ።
አራት ሺህ ሰው ስሙን ጠራ፤ ነፋሱ ወደ በረሓው አሻገረ።
"በልምምዱ መሠረት" አለ ማጉያው፣ "አንድ ሰው ሞቷል።"
ሳቅን። ሳቃችን ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞታል።
ኤዱቪሂስ ሻሿን ከወፍ ቤቱ ፈታ ራሷ ላይ አሰረች፤
ለፀሐዩ ይሁን ለሌላ፣ አልጠየቅኳት፤ አልተናገረች።

አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባት፣ ብዬ ፈረምኩ ወረቀቱን፤
ራሴን ቆጥሬ እንደሁ እንጃ፤ ታውቁት የለ፣ የሞኞቹን።

ማታ ወደ ገበያው ወረድኩ። ሟቹ ዓሣ ይፍቃል።
ቅርፊቱ ክንዱ ላይ ተለጥፎ እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል።
"ማን አለቀሰልኝ?" አለኝ፣ አንገቱን ሳያነሣ።
"ኤዱቪሂስ" ብዬ ዋሸሁት። ዝም አለ፤ ጨመረልኝ አንድ ዓሣ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቀጭ።
"ምንድነው?" አለ።
"ሰዓቴ ነው" አልኩት።