ልክ

ቢቸና፣ መናኸሪያው ማዶ፣ ከዳኘው ፎቶ ቤት፣
ቆመናል እኔና ይታይሽ፣ የወለደችኝ እናት።
ሜትር ይዣለሁ በቦርሳ፣ ለክቻለሁ ግድግዳውን፣
ለምርቃቴ ድግስ ጊዜ ሰማያዊ የተቀባውን።
ሦስት ሜትር ከሃያ ነው፤ ጽፌዋለሁ በወረቀት፣
የትኛው ፎቶ የት ይሰቀል፣ ስንት በስንት፣ በምን ርቀት።
ፍላሽ ውስጥ ዘጠኝ ፎቶ አለኝ።
ዘጠኙም እኔ ነኝ።

ዳኘው ናሙና ዘረጋ። «ይህች ለመደርደሪያ ናት፣
አስር በአስራ አምስት። ሃያ በሠላሳ፣ ቆሞ ለሚያያት።
ይህችኛዋ ደግሞ» አለ፣ ክንዱን እየዘረጋ፣
«ሃምሳ በስድሳ፤ ከመንገድ ትታያለች፣ በሩ ካልተዘጋ።»
አውቃታለሁ። እዚሁ ነው ያሳተምኳት፣ ቆቤ ከነዘርፉ፣
ከኋላዬ ያላየሁት ፏፏቴ፣ አበባ በየጫፉ።
ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲገባ
አስቀድሞ የሚያየው የኔን ጥቁር ካባ።

ይታይሽ ናሙናውን አላየችም።
መቀነቷን ፈታች፤ ከመቀነቷ ፌስታል፣
ከፌስታሉ ጥፍር የምታህል ጉርድ ፎቶ፤
ወንድሜ አንማው፣ ለማዳበሪያ ብድር የተነሳት፣
ከአንገቱ ሥር የማኅበሩ ማኅተም ግማሽ ክብ የቀረባት።
«ይህን» አለች፣ «እንደ እሷ አሳድግልኝ፣
ሁለቱን ባንድ ልክ አስተካክልልኝ።»

ዳኘው ኮምፒውተሩ ላይ ከጥጉ ይዞ ጎተተው፤
ፊቱ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሰፋና ተበተነ፤
ጉንጩ ጤፍ፣ ግንባሩ ጤፍ፣ አገጩ ጤፍ ሆነ፤
አውድማ ላይ እንደቀረ፣ ነፋስ እንደበተነው፣
ፍሬ ፍሬው አለ፤ የት ሄደ አንማው?
«ከአስር በአስራ አምስት በላይ አይሸከምም» አለ ዳኘው፣
«ሲነሳ ትንሽ ነበር፤ ከየት አምጥቼ ልሙላው?»

በስልክ አላነሳሁትም እንዳትሉ።
አስራ ሰባት ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ አስራ ሰባት ጀርባ አለኝ።
ሞፈሩ ከትከሻው፣ ፊቱ ወደ ማሳው፣
«ቁምልኝ» ስለው «መሬቱ ይደርቃል» ብሎ የሚያልፍ።
አንዴ ብቻ ዞሮ ነበር፤
እሷኑም በሬው ቀና ብሎ በቀንዱ ጋረዳት።
ያ ደግሞ አዲሱ በሬ ነው።
ቦራ የሚባል ነበረን፤
እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነበረ፣ ስመረቅ አልነበረም።

እናቴ ናሙናዋ ላይ እጇን ዘረጋች፤
ስንዝር እንኳ አትሞላም።
ጥቂት አሰበች።
«እንግዲያው» አለች፣ «እሷን አሳንስልኝ።»

ዳኘው ሳቀ። እኔም ልስቅ ከጀለኝ፤
እሷ ግን ብር መቁጠር ጀምራለች።
«እማ፣ የኔ እኮ ጥራት አለው፤ የፈለግሽውን ያህል መተለቅ ይችላል።»
«የሚችል ነው የሚያንስ» አለች፣ ቀና ሳትል፣
«ያልቻለውንማ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ማታ ትልቁን አወረድኩ።
ከጀርባው ሌላ ቀለም ወጣ፤
ስድስት ዓመት ፀሐይ ያልደረሰው፣ አቧራ ያልደፈረው፣
ሃምሳ በስድሳ የሆነ ሰማይ።
ሜትሩንም ወረቀቱንም ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።
ሁለቱን ትንንሾች ከጎኑ ሰቀልን፣ ትከሻ ለትከሻ፤
እሱ አንገቱን ቆልፎ፣ እኔ ከነፏፏቴዬ፣
ፏፏቴውም አሁን የሸማ ክር አክሎ።
ስሟ ይታይሽ ነው፤ ዓይኗ ከደከመ ግን ሁለት ክረምት፤
አፍንጫዋ ግድግዳውን እስኪነካ ቀረበች፣
መጀመሪያ እሱን፣
ከዚያ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ እኔን።
ድሮ ከመደቡ ሆና ነበር የምታየኝ።

አንማው ሲመሽ መጣ፣ ባቱ ድረስ ጭቃ።
በሩ ላይ ቆሞ ቃኘ፣
ስለ ራሱ ፊት ምንም አላለም።
«ግድግዳው ሰፋ» አለ፣
ከትልቁ ፎቶ በተረፈው ሚስማር ላይ
ባርኔጣውን ሰቅሎ፣
እግሩን ሊታጠብ ወጣ።