መክፈቻ

የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ዊኒፔግ፣ ማክሰኞ ማታ፣
መስኮቱን በረዶ ሸፍኖት፣ የማሞቂያው ቧንቧ ጫጫታ።
«በአራቱም ሰሌዳ አንድ መክፈቻ፤ ምርጫው የኛ» አለች ኦሌና፣
«ቅዳሜ ጠዋት ሲደርሱ እንግዶቹ ከሬጂና።»

ጋርኔት «ካሮ ካን» አለ፣ «አጥር ነው፣ ማን ያፈርሰዋል?»
አምና በዚያው አጥር ሥር እንቅልፍ ወስዶን አቻ ወጥተናል።
እኔም ለአጥሩ እጄን ላወጣ ነበር።

ጋሽ አምደወርቅ፣ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ
ቢጫ ጥሶ የማያውቅ፣ የሌለበት የሰው ዕዳ፣
ተነሣ። ከንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር ገፋ ሁለት ቤት፦
«ይብሉት!»
«በዚህ ብርድ?» አለ ጋርኔት፣
«በሩን ወለል አርገን ልንከፍት?»

«ታዲያ ለምን መክፈቻ አሉት?» አለ፣ ጃኬቱን አውልቆ።
ሳቅን። እጆች ወጡ፤
የጋርኔት መጨረሻ፣ ጓንቱን አጥልቆ።