ሳጥን ቁጥር

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከቸርችል ጎዳና ጀርባ፣
የጎበጠውን በር ገፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣
አቶ ዘውገ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው
ይጠብቁኛል፤ ሁለት እርሳስ ቀርጸው፣ ጎን ለጎን አሰልፈው።

ቅጹ ከሩቅ የመጣ ነው፣ በአሥራ አንድ አገር የሚሞላ፤
ጥያቄው አንድ፣ ነጥቡ ሠላሳ፣
የሚጠየቀው ግን ሌላ ሌላ።

«ዓመቱ ስንት ነው?» አልኳቸው።
«በማን?» አሉኝ ቀና ብለው።
ለ«በማን» የሚሆን ሳጥን የለም፤
እንደ ቦይ አለፍኩት ዘልዬው።

«ሰዓት ይሳሉልኝ፤ አሥራ አንድ ከአሥር ይበል።»
ክቡን ባንድ ትንፋሽ ሳሉት፣ ከቁጥሮቹ አንድ ሳይጎድል፤
ከዚያ መስኮቱን አዩና፦
«ጀምበሯ ልትጠልቅ ነው በይኛ!»
ቅጹ ላይ ጀምበር የለችም።
ሙሉ ነጥብ ሞላሁና

«ብርቱካን። ቁልፍ። ጠረጴዛ። አደራ፣ በኋላ እጠይቅዎታለሁ።»
«የአደራ ደብዳቤ አንድ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይዣለሁ።»

ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ፣
ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት ብለው፣ ሰባ ዘጠኝ ሲደርሱ
ቆም።
«ሰባ ዘጠኝ የልብስ ሰፊው፣ የይልፋሸዋ ሳጥን ናት።
ልጁ ከሮም ትጽፍ ነበር፤ ክረምት ክረምት ይዘገይባት።
ሰማንያ የአርመኑ ሰዓት ሠሪ፤
ሰማንያ አንድ... እሷን እንኳ ተያት።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዓለምን ወሬ የለዩ ጣቶች፣
ኦስሎን ከኦሳካ ሳያዩ፣ በወረቀት ልስላሴ የሚያውቁ ጣቶች፣
ጠረጴዛው ላይ ይራመዳሉ።
ሰዓቴን አየሁ። ለሙታን አድራሻ ቅጹ ነጥብ የለውም።
«ሦስቱን ቃላት ያስታውሳሉ?»
«ብርቱካን...»
እየዳበሱት ነው ጠረጴዛውን። ስሙ ግን አልመጣም።

«ወዴት ነው የሚላከው?»
«ከሌላ አገር አዛውንት ጋር ተነጻጽሮ፣ በተርታ ሊቀመጥ።»
«እኛ ስንተኛ ነን?»
«ገና ነው።»
ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ቀሰቀሰ። «ስለይ ኖሬ፣ ስለይ፣
ተራው የኔ ሆነና እኔው ደግሞ ልለይ!
እንግዲህ ሳጥኔን አደራ፤
ስዊድን ውስጥ እንዳትጥዪኝ፤ እዚያ ብርድ ነው፣ አልችልም።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ።
በሩ ጋ፣ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አሳርፈው
«ቁልፍ» አሉ።
ትዝ ብሏቸው ነው? ወይስ በሩን ሊዘጉ ፈልገው?
እርሳሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤
ድምሩም ተደምሮ፣
ከሥሩ ተሰምሮ።